ዶቃ፣ ሞላና ጠብታ፤ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም፣ ፖሊመር የሚባሉት ረጃጅም ሞለኪውሎች በኮምፒውተር ውስጥ በዶቃና በሞላ ሰንሰለት እንዴት እንደሚወከሉ በአጭሩ ጽፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ያተኮሩት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም ከእነዚህ ሰንሰለቶች የተሠራች ጠብታ በባዶ ሳጥን ውስጥ ወይም በጠጣር ገጽ ላይ ስትቀመጥ ምን ትሆናለች የሚለው ነው። ለሌሎችም ይጠቅማሉ ያልናቸውን ጥያቄዎች መርጠን፣ አንዳንዶቹንም አሳጥረን፣ ከነመልሳቸው እናቀርባለን።

ጥያቄ፦ አንድ ሞለኪውል በውስጡ ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ሌሎች አቶሞችን ይዞ ሳለ፣ ያን ሁሉ ትቶ በዶቃና በሞላ መሳል ተማሪን ማሳሳት አይሆንም ወይ? ከዚህ ሥዕል የሚገኘው ውጤትስ የየትኛው ፕላስቲክ ነው ሊባል ይችላል? (የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር፣ ደሴ)

መልስ፦ የመምህሩ ሥጋት ተገቢ ነው፤ መልሱም ዶቃው አቶም አለመሆኑን በግልጽ ከመናገር ይጀምራል። አንድ ዶቃ በሰንሰለቱ ላይ ተከታትለው የሚገኙ የጥቂት ሞኖመሮችን (ሰንሰለቱ የተሠራባቸውን ተደጋጋሚ ትናንሽ ክፍሎች) ስብስብ ይወክላል፤ ስፋቱም እንደ ፖሊመሩ ዓይነት ከግማሽ ናኖሜትር እስከ አንድ ናኖሜትር አካባቢ ይሆናል። አንድ መቁጠሪያ መዳፍ ላይ ሲወድቅ እንዴት እንደሚጠቀለል የሚወስነው፣ ፍሬው ከእንጨት ወይም ከመስተዋት መሠራቱ ሳይሆን፣ ፍሬዎቹ በአንድ ክር መያያዛቸው፣ አንዱ ፍሬ በሌላው ውስጥ ማለፍ አለመቻሉና የክሩ ርዝመት ነው። ፖሊመርም ከአቶም በላይ በሆነ ልክ ሲታይ ጠባዩን የሚያገኘው በዋናነት ከእነዚሁ ነገሮች ነው።

ሐሳቡ ራሱ ረጅም መንገድ ተጉዟል። ሄርማን ሽታውዲንገር እ.ኤ.አ. በ1920 ጎማን የመሰሉ ነገሮች በጠንካራ ኬሚካላዊ ትስስር ከተያያዙ ረጃጅም ሰንሰለቶች የተሠሩ ናቸው ብሎ ሲጽፍ፣ ብዙ የዘመኑ ኬሚስቶች አልተቀበሉትም ነበር፤ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ከ33 ዓመት በኋላ፣ በ1953 ነው። በዚያው ዓመት ፕሪንስ ራውስ ሰንሰለቱን ዶቃና ሞላ አድርጎ እንቅስቃሴውን በሒሳብ ገለጸ። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት የኮምፒውተር ሞዴል ደግሞ ኩርት ክሬመርና ጋሪ ግረስት በ1990 ያሳተሙት ነው። በዚህ ሞዴል ርዝመት የሚለካው በዶቃው ስፋት ሲሆን ሲግማ ይባላል፤ የጉልበት መለኪያው ኤፕሲሎን፣ የጊዜው ደግሞ ታው ነው። ማናቸውም ሁለት ዶቃዎች ከመጠን በላይ ሲቀራረቡ ይገፋፋሉ፤ በሰንሰለቱ ላይ ጎረቤት የሆኑት ደግሞ ፊኒ በተባለ ሞላ ይያያዛሉ። የዚህ ሞላ ጥንካሬ 30 ነው፤ ልዩ ጠባዩም 1.5 ሲግማ ላይ ሲደርስ የሚጎትተው ኃይል ወሰን አልባ ስለሚሆን ከዚያ በላይ ፈጽሞ አለመለጠጡ ነው። መግፋቱና መጎተቱ ሲመጣጠኑ በጎረቤታሞች መካከል ያለው አማካይ ርቀት 0.97 ሲግማ ይሆናል። ርቀቱ ይህን ያህል አጭር በመሆኑ አንዱ ሰንሰለት በሌላው ውስጥ ሾልኮ ለማለፍ ክፍተት አያገኝም፤ የሞዴሉ ብልሃትም ያለው በዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

የየትኛው ፕላስቲክ ነው ለሚለው፣ ሞዴሉ የሚናገረው ስለ አንድ ፕላስቲክ ሳይሆን ሁሉም ስለሚጋሩት ሕግ ነው። ለምሳሌ አጫጭር ሰንሰለቶች ያሉት ቅልጥ፣ ማለትም የቀለጠ ፖሊመር፣ ዝልግልግነቱ ከሰንሰለቱ ርዝመት ጋር በእኩል መጠን ያድጋል፤ ሰንሰለቶቹ እስኪተበተቡ ድረስ ሲረዝሙ ግን ዝልግልግነቱ ከርዝመቱ 3.4 አርቢ ጋር ያድጋል። ይህ ለፖሊኤቲሊንም፣ ለፖሊስታይሪንም፣ ለሲሊኮን ዘይትም ይሠራል። ፖሊስታይሪን በስንት ዲግሪ ይለሰልሳል ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ ግን ዶቃና ሞላ መልስ የላቸውም፤ ሁለቱንም በአንድ ክፍለ ጊዜ ማስተማር ይቻላል።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ሥራዬ የክሬመርና ግረስትን ሞዴል ቁጥሮቹን ሳልለውጥ ወስጄ፣ እፍግታው 0.85 የሆነ ቅልጥ አዘጋጀሁ፤ ከዚያም ከመሐሉ ሉል ቆርጬ ትልቅ ባዶ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥሁት። ጠብታ ሆኖ ይቆያል ብዬ ስጠብቅ ወዲያው ፈንድቶ ሳጥኑን ሞላው። በሌላ ሙከራ ደግሞ ፕሮግራሙ ገና ሲጀምር የፊኒ ትስስር ከመጠን በላይ ረዝሟል የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቆመ። ስሕተቴ የት ላይ ነው? (የኬሚካል ምህንድስና የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ከሁሉ አስረዝመን እንመልሰዋለን፤ ምክንያቱም ስሕተቱ ከቁጥር አጻጻፍ ሳይሆን ከሐሳብ የመጣ ነው፣ ጠንቃቃ ተማሪዎችም ይወድቁበታል። ስለ ጠብታ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፣ በገጽ ላይ ምን ዓይነት አንግል ትሠራለች ወይም በምን ፍጥነት ትሰፋለች የሚለው ሳይሆን፣ አንድ ላይ የያዛት ምንድን ነው የሚለው ነው። የውሃ ጠብታ የማትበተነው ሞለኪውሎቿ ስለሚሳሳቡ ነው፤ የገጽ ውጥረት የምንለውም በጠብታው ዳር ያሉት ሞለኪውሎች ከውስጥ ካሉት ያነሰ ጎረቤት ስላላቸው የሚከፈል የጉልበት ዋጋ ነው። መሳሳብ ከሌለ የገጽ ውጥረት የለም፤ የገጽ ውጥረት ከሌለም ጠብታ የለም።

እርስዎ በወሰዱት ሞዴል ውስጥ ዶቃዎች አይሳሳቡም። ሁለት ዶቃዎች እንደ ርቀታቸው የሚኖራቸውን ጉልበት የሚሰጠው ቀመር፣ የሌናርድ-ጆንስ ፖቴንሻል፣ ሁለት ወገን አለው፤ በቅርብ ርቀት ይገፋል፣ ራቅ ሲል ይስባል፣ በ1.12 ሲግማ ላይ ሁለቱ ይመጣጠናሉ። ክሬመርና ግረስት ፖቴንሻሉን ልክ በዚህ ነጥብ ላይ ቆርጠው የሚስበውን ወገን ተዉት። ለእነርሱ ዓላማ ይህ ትክክል ነበር፤ ያጠኑት የተተበተቡ ሰንሰለቶች በቅልጥ ውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ ስለነበር፣ መሳሳቡ የኮምፒውተር ጊዜ ከመፍጀት በቀር ብዙ አይጨምርላቸውም ነበር። ቅልጡን ከመበተን የያዘው ሳጥኑ ነው፤ በአንድ ወገን የወጣ ዶቃ በተቃራኒው ወገን ስለሚገባ መሸሻ የለም። እንዲያውም በ0.85 እፍግታና በ1 የሙቀት መጠን የዚህ ቅልጥ ግፊት በሞዴሉ መለኪያ 5 ገደማ ነው፤ ይህም የታመቀ ነገር ነው። ሉሉን ቆርጠው ባዶ ቦታ ላይ ሲያስቀምጡት የእመቃውን ክዳን ከፈቱት፤ ሲሙሌሽኑም (የኮምፒውተር ማስመሰሉ) የታዘዘውን በትክክል ፈጸመ።

መፍትሔው የመቁረጫ ርቀቱን ከ1.12 ወደ 2.5 ሲግማ ማራዘም ነው፤ 2.24 የሚጠቀሙ ተመራማሪዎችም አሉ። በ2.5 ላይ የሁለት ዶቃዎች መሳሳብ ከጉድጓዱ ጥልቀት፣ ማለትም በ1.12 ሲግማ ላይ ካለው ከፍተኛ የመሳሳብ ጉልበት፣ 1/60 ያህል ብቻ ስለሆነ ከዚያ ወዲያ ያለው ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ርቀት ላይ ያሉት ዶቃዎች ብዙ ስለሆኑ፣ ኢምንቱ ተደምሮ የገጽ ውጥረቱን በሚታይ መጠን ይለውጣል። ስለዚህ የተጠቀሙበትን የመቁረጫ ርቀት በጽሑፍዎ ውስጥ ሳይገልጹ እንዳያልፉ፤ በሌላ የመቁረጫ ርቀት ከተገኘ የገጽ ውጥረት ጋርም አያወዳድሩት።

መሳሳቡን ከጨመሩ በኋላ የቀድሞውን ቅልጥ እንዳለ መቁረጥ አይገባም። አስቀድመው ግፊቱን ዜሮ አድርገው፣ ሳጥኑ በራሱ እየጠበበ ወይም እየሰፋ የሚስማማውን እፍግታ እስኪያገኝ ድረስ ያሂዱት፤ በባዶ ቦታ የምትኖር ጠብታ በውስጧ የሚኖራት እፍግታ ለዚህ የቀረበ ነውና። ጠብታው ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ የግፊት መቆጣጠሪያውን ፈጽመው ያጥፉት። በባዶ ሳጥን ውስጥ ያለች ጠብታ በሳጥኑ ግድግዳ ላይ የምታሳርፈው ግፊት ስለሌለ፣ መቆጣጠሪያው ሳጥኑን እያነሰ እያነሰ ወስዶ ጠብታዋን በተደጋጋሚው ድንበር ማዶ ካለው ከራሷ ምስል ጋር ያጣብቃታል።

ስለ ማስጠንቀቂያው፣ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ይመስለናል። የመጀመሪያው ከመቁረጡ ጋር የተያያዘ ነው። በቅልጡ ሳጥን ውስጥ አንድ ሰንሰለት ድንበሩን ሲሻገር ግማሹ በቀኝ ግድግዳ አጠገብ፣ ግማሹ በግራ ግድግዳ አጠገብ ተጽፎ ይገኛል፤ ፕሮግራሙ ግን ድንበሩ ተደጋጋሚ መሆኑን ስለሚያውቅ ትስስሩን አጭር አድርጎ ይቆጥረዋል። እርስዎ ሳጥኑን ሲያሰፉት ያ አጭር መንገድ ይጠፋና ሁለቱ ጎረቤታም ዶቃዎች በድንገት የአሮጌውን ሳጥን ስፋት ያህል ይራራቃሉ። ከ1.5 ሲግማ በላይ የማይለጠጥ ሞላ 30 ሲግማ ርቀት ሲሰጠው ፕሮግራሙ መቆሙ ተገቢ ነው። ስለዚህ ከመቁረጥዎ በፊት ሰንሰለቶቹን ዘርግተው፣ የእያንዳንዱን ዶቃ ቦታ ድንበር ሳይታጠፍበት ይጻፉ። ሲቆርጡም ዶቃ በዶቃ ሳይሆን ሰንሰለት በሰንሰለት ይምረጡ፤ የሰንሰለቱ የክብደት ማዕከል በሉሉ ውስጥ ከሆነ ሙሉው ሰንሰለት ይግባ፣ ካልሆነ ሙሉው ይቅር። የጠብታዋ ጠርዝ መጀመሪያ ላይ የተንጨባረረ ይሆናል፤ ሆኖም የገጽ ውጥረቱ ሰብስቦ ያስተካክለዋል። ሁለተኛው ምክንያት ሰንሰለቶቹ በዘፈቀደ ሲዘረጉ የተደራረቡ ዶቃዎች መኖራቸው ነው፤ እነርሱ በሙሉ ኃይል ሲገፋፉ ትስስሩን ይበጥሱታል። ለዚህ ክሬመርና ግረስት የተሳተፉበት የ2003 ሥራ ያሳየው መንገድ ጥሩ ነው፤ በመጀመሪያ ለስላሳ የሆነ መግፊያ ተጠቅሞ፣ ጥንካሬውን ቀስ በቀስ እየጨመሩ ዶቃዎቹን ማለያየት፣ ከዚያ ወደ እውነተኛው ፖቴንሻል መሸጋገር ነው።

ሰንሰለቱ ስንት ዶቃ ይኑረው ብለው ባይጠይቁም አንድ ነገር እንጨምር። ነጠላ ዶቃዎችን ብቻ ተጠቅመው በ1 የሙቀት መጠን ጠብታ ቢሠሩ፣ ዶቃዎቹ እየተነኑ ሳጥኑን በጋዝ ይሞሉታል። አሥር አሥር ዶቃ ብታያይዙ ግን አንዱ ለማምለጥ ዘጠኙን ማስከተል ስላለበት ትነቱ ጠፋ ሊባል ይችላል። ፖሊመር ለጠብታ ጥናት የተመቸ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የጠብታዋ መጠን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይለወጥም።

ጥያቄ፦ የምሠራው በቀለምና በሽፋን ምርት ላይ ነው። የአንድ ፖሊመር ጠብታ በገጽ ላይ የምትሠራውን አንግል በሲሙሌሽን ለማወቅ ሞክሬ፣ በ5 ሺህ ዶቃ ያገኘሁትና በ50 ሺህ ዶቃ ያገኘሁት ሊመሳሰሉልኝ አልቻሉም። የትኛውን ልመን? (ኬሚስት፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ጠዋት በኮባ ቅጠል ላይ የምትንከባለል የውሃ ጠብታና በመስተዋት ላይ ተንጣልላ የምትቀር ጠብታ የሚለዩት በንክኪ አንግላቸው፣ ማለትም የጠብታዋ ጠርዝ ከገጹ ጋር በሚሠራው አንግል፣ ነው። ቶማስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1805 እንዳስረዳው፣ ይህ አንግል የሦስት ውጥረቶች ሚዛን ነው፤ የጠጣሩና የጋዙ፣ የጠጣሩና የፈሳሹ፣ የፈሳሹና የጋዙ። በሲሙሌሽኑ ውስጥ የሚቆጣጠሩት ቁልፍ ገጹ ዶቃዎቹን የሚስብበት ጥንካሬ ነው። ደካማ ሲሆን ጠብታዋ ኳስ ለመሆን ትቀርባለች፤ እየጠነከረ ሲሄድ ትጠፈጠፋለች፤ ከአንድ ወሰን ሲያልፍ ደግሞ አንግሉ ዜሮ ሆኖ ጠብታዋ ወደ ስስ ሽፋን ትለወጣለች።

የያንግ ሚዛን ግን የተጻፈው በዓይን ለሚታይ ጠብታ ነው። ሬዲየሷ 20 ሲግማ የሆነች ጠብታ 28,500 ያህል ዶቃ ትይዛለች፤ አንዱን ሲግማ አንድ ናኖሜትር ብናደርገው፣ ሬዲየሷ አንድ ሚሊሜትር ከሆነች ጠብታ በሬዲየስ 50 ሺህ ጊዜ ታንሳለች። በዚህ ትንሽነት ፈሳሹ፣ ጠጣሩና ጋዙ የሚገናኙበት የጠብታዋ ዙሪያ የራሱ የጉልበት ዋጋ አለው፤ የመስመር ውጥረት ይባላል። የአንግሉ ኮሳይን ከያንግ ዋጋ የሚርቀው ይህ ውጥረት ለንክኪው ክብ ሬዲየስ ሲካፈል በሚገኘው መጠን ነውና፣ ትንሿ ጠብታ ከትልቋ የተለየ አንግል ብታሳይ አያስደንቅም። እንግዲህ ሁለቱም ቁጥሮችዎ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። በሦስት ወይም በአራት የተለያየ መጠን ሠርተው ኮሳይኑን ከሬዲየሱ ግልባጭ ጋር በግራፍ ያኑሩት፤ መስመሩ ግልባጩ ዜሮ ወደሚሆንበት ሲዘረጋ የሚያገኙት ቁጥር የፋብሪካዎን ጠብታ ይመለከታል።

እኔ የምመርጠው ሌላ መንገድ አለ። ጠብታዋን በሉል ምትክ በሲሊንደር ቅርጽ፣ ከሳጥኑ ጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ተጋደመ ግማሽ ግንድ አድርጎ መሥራት ነው። ያን ጊዜ የንክኪው መስመር ቀጥ ያለ ስለሚሆን የመስመር ውጥረቱ አንግሉን አይነካውም። ጥንቃቄ የሚያሻው በግንዱ ርዝመት ላይ ነው፤ ፕላቶና ሬይሊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሳዩት ነጻ የፈሳሽ ሲሊንደር ከራሱ ዙሪያ በላይ ሲረዝም ወደ ጠብታዎች መቆራረጥ ይጀምራል። በገጽ ላይ ለተቀመጠው ወሰኑ በመጠኑ ቢለይም አደጋው ያው ስለሆነ ሳጥኑን በዚያ አቅጣጫ አጭር ያድርጉት።

አንግሉን በአንድ ቅጽበት ሥዕል ላይ በዓይን መለካት አይበቃም። የጠብታዋ ዳር ሁልጊዜ ይርገበገባል፤ ሰንሰለቶች ብቅ ይላሉ፣ ይመለሳሉ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅጽበቶችን ወስደው፣ በእያንዳንዱ ላይ የጠብታዋን የክብደት ማዕከል ወደ አንድ ቦታ ካመጡ በኋላ፣ እፍግታውን በትናንሽ ሳጥኖች ከፍለው አማካዩን ያስሉ። እፍግታው ከውስጠኛው ግማሽ የሚሆንበት መስመር የጠብታዋ ወሰን ነው። በገጹ አጠገብ ያሉት ሁለት ሦስት የዶቃ ንብርብሮች በግድግዳው ስለሚደረደሩ እነርሱን ትተው፣ ከላይ ባለው መስመር ላይ ክብ ያስማሙና ክቡ ገጹን በሚነካበት ቦታ አንግሉን ያንብቡ። ውጤቱን በሌላ መንገድ ለማረጋገጥ የገጽ ውጥረቱን ለብቻው ይለኩ፤ ቅልጡን ከላይና ከታች ባዶ ቦታ ባለው ንጣፍ መልክ ያስቀምጡ፣ ወደ ላይ ያለው ግፊትና ወደ ጎን ያለው ግፊት ልዩነታቸውን በሳጥኑ ቁመት ያባዙ፣ ንጣፉ ሁለት ገጽ ስላለው ለሁለት ያካፍሉ።

በራሴ ሥራ የደረሰብኝን ልጨምር። አንድ ጊዜ ስትሰፋ የነበረች ጠብታ አንግሏ ጸንቶ ቆመ ብዬ ቁጥሩን መዘገብሁ። በኋላ ሥዕሉን ከላይ ወደ ታች ስመለከት፣ የጠብታዋ ጠርዝ በሳጥኑ ድንበር በኩል ዞሮ የራሷን ሌላ ጠርዝ ነክቶ ነበር፤ የቆመችው ሚዛን አግኝታ ሳይሆን ቦታ አልቆባት ነው። የሁለት ሳምንት ስሌት እንደገና መሥራት ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ከማመኔ በፊት ሥዕሉን ከሦስቱም አቅጣጫ እመለከታለሁ፤ እርስዎም እንዲሁ ቢያደርጉ እወዳለሁ።

ጥያቄ፦ ጠብታዬ ሙሉ በሙሉ በምትሰፋበት ገጽ ላይ አስቀምጬ ሬዲየሷን ከጊዜ ጋር ስለካ፣ በመጻሕፍት የሚገኘውን የታነርን ሕግ ላገኘው አልቻልሁም። ከጠብታዋ ሥር እንደ እግር የሆነ ስስ ሽፋን ቀድሞ ይሮጣል። በለስላሳ ግድግዳ ስሞክር ደግሞ ጠብታዋ እንዳለች ወደ ጎን ትንሸራተታለች። (የዶክትሬት ተማሪ፣ ጀርመን)

መልስ፦ የታነር ሕግ እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ ሲሆን፣ የጠብታዋ ሬዲየስ ከጊዜ 1/10 አርቢ ጋር ያድጋል ይላል። ይህ ምን ያህል ዝግ ያለ ሂደት እንደሆነ ለማየት፣ ሬዲየሱ እጥፍ እንዲሆን ጊዜው 1,024 ጊዜ መብዛት አለበት። በናኖሜትር ደረጃ ላለች ጠብታ ሕጉ የሚታይበት የጊዜ መስኮት በጣም ጠባብ ነው፤ ጠብታዋ ወደዚያ ሳትደርስ ፈሳሿ በሙሉ ወደ እግሩ ፈስሶ ሊያልቅ ይችላል። ያዩት እግር ስሕተት አይደለም። ፒዬር-ዢል ደ ዤን በ1985 ባሳተመው ሰፊ ጽሑፍ ቀዳሚ ሽፋን ብሎ በዝርዝር ያብራራው ነገር ነው፤ በ1989 ደግሞ ኤስሎ፣ ፍሬስና ካዛባ የተባሉ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች በሲሊኮን ዘይት ጠብታ ላይ ሽፋኑ እያንዳንዱ የአንድ ሞለኪውል ውፍረት ባላቸው ደረጃዎች እንደሚሰፋ በቤተ ሙከራ አሳይተዋል። የእግሩ ርዝመት በአብዛኛው ከጊዜ 1/2 አርቢ ጋር ያድጋል። ስለዚህ የእግሩንና የዋናውን ጠብታ ሬዲየስ ለይተው ይለኩ፤ በአንድነት ከተለኩ የሚወጣው አርቢ የሁለቱም አይሆንም።

የመንሸራተቱ ምክንያት ግድግዳው ነው። ለስላሳ ግድግዳ ዶቃውን ወደ ታች ብቻ ይስበዋል፤ ወደ ጎን የሚይዘው አንዳች ነገር የለውም። በዚህ ገጽ ላይ የንክኪ አንግልን በሰላም መለካት ይቻላል፤ የመስፋት ፍጥነትን ግን አይቻልም፤ ፍጥነቱን ከሚገድቡት ዋና ነገሮች አንዱ በገጹና በመጀመሪያው ንብርብር መካከል ያለው ሰበቃ ነውና። ለዚህ ሥራ ግድግዳውን ከተደረደሩ ዶቃዎች ይሥሩት።

ከግድግዳው ይልቅ የሚያሳስበኝ እርስዎ ያልጠቀሱት ቴርሞስታት፣ ማለትም የሲሙሌሽኑን ሙቀት የሚቆጣጠረው ዘዴ፣ ነው። በሰፊው የሚሠራበት የላንጀቪን ቴርሞስታት እያንዳንዱን ዶቃ በማይንቀሳቀስ ፈሳሽ ውስጥ እንዳለ አድርጎ ይጎትተዋል፣ በዘፈቀደም ይገፈትረዋል፤ በዚህም ሞመንተምን አይጠብቅም። ሚዛን ላይ ላለች ጠብታ ይህ ጉዳት የለውም። በምትሰፋ ጠብታ ውስጥ ግን ፈሳሹ በአንድነት ሲፈስ፣ ቴርሞስታቱ በተፈጥሮ የሌለ ሰበቃ በየዶቃው ላይ እየጨመረ ፍሰቱን ያዘገየዋል፤ የሚለኩትም ፍጥነት በከፊል የራስዎ ቴርሞስታት ይሆናል። ዶቃዎችን ጥንድ በጥንድ የሚነካውንና ሞመንተምን የሚጠብቀውን ቴርሞስታት፣ ዲ-ፒ-ዲ የሚባለውን፣ ይጠቀሙ፤ ወይም ላንጀቪንን ከግድግዳው ዶቃዎች ጋር ብቻ አያይዘው፣ የጠብታዋ ሙቀት በግድግዳው በኩል እንዲወጣ ያድርጉ።

ሰንሰለቶችዎ ረጃጅም ከሆኑ የመተብተቢያው ርዝመት፣ ማለትም ሰንሰለት መተብተብ የሚጀምርበት የዶቃ ብዛት፣ ቁጥሩ ሊያደናግርዎ ይችላል። በ1990ው ሥራ 35 ዶቃ ገደማ ተብሎ ተገምቶ ነበር፤ ኋላ በመጡ የተሻሉ ዘዴዎች ግን 85 ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ባለ 40 ዶቃ ሰንሰለት በመጀመሪያው ቁጥር የተተበተበ፣ በሁለተኛው ያልተተበተበ ይሆናልና፣ የሚያነቡት ጽሑፍ የትኛውን እንደያዘ አስቀድመው ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ያለኝ ተራ ላፕቶፕ ነው፤ መብራትም ይጠፋል። እንዲህ ያለውን ሥራ መሞከር እችላለሁ ወይ? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ጅማ)

መልስ፦ ይችላሉ። በአሜሪካ የሳንዲያ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ የተጀመረው ላምፕስ የተባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ ኮዱም ክፍት ነው። ኦቪቶ የተባለው የሥዕል ማሳያም ለዚህ ሥራ የሚበቃ ነጻ ቅጂ አለው። ባለ 10 ዶቃ ሰንሰለቶችን ይዘው በ5 ሺህ ዶቃ ቢጀምሩ፣ በ0.005 ታው የጊዜ እርምጃ 10 ሚሊዮን እርምጃ 50 ሺህ ታው ይሆናል፤ ለአጭር ሰንሰለት ይህ ከበቂ በላይ ነው፣ ላፕቶፑም በቀናት ውስጥ ይጨርሰዋል። ሰንሰለቱን አሥር ጊዜ ቢያስረዝሙት ግን አንድ ሰንሰለት ቅርጹን ረስቶ አዲስ ቅርጽ ለመያዝ የሚፈጅበት ጊዜ በራውስ ስሌት መቶ ጊዜ ስለሚያድግ፣ መጀመሪያ በአጭሩ ይለማመዱ።

ለመብራቱ፣ ፕሮግራሙ በየ100 ሺህ እርምጃው የመቀጠያ ፋይል እንዲጽፍ ያዝዙት፤ ሁለት ፋይሎችንም በተራ እንዲጠቀም ያድርጉ፣ መብራቱ በመጻፍ ላይ እያለ ቢጠፋ አንዱ ይተርፋልና። ሥራውን ከፋይሉ ሲቀጥሉ በመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ የሙቀት መጠኑንና አማካይ የትስስር ርዝመቱን ይመልከቱ። ሙቀቱ 1 አካባቢ፣ ርዝመቱም 0.97 አካባቢ ከሆነ ጠብታዋ ካቆመችበት ቀጥላለች።